የሁለት ቅርፊት ግጥም

ድልድዩን ተሻግሬ፣ ከናይሰ ወንዝ ማዶ፣
አገኘሁት ቆሞ፣ ጎማው ሥር ሰዶ፣ ከሣሩ ተዋሕዶ።
በፈረንጅ ሰማንያ ሦስት የተሠራ ካራቫን፣
የአጫሽ ጣት የመሰለ፤ ዱሮ ነጭ ነበር ይሆን?
ሽማግሌው ሌሼክ፣ ጋንቾውን ተደግፎ፣
«ያፈሳል» አለኝ ቀድሞ፣ ዋጋውን ካርቶን ላይ ጽፎ።
«ከየት ነው?» ብለው ትከሻውን ሰበቀ፣
ጣቱን ወደ ሰማይ አነሣና ሳቀ።

ስምንት መቶ ዩሮ። ጎተትኩት ወደ ማታ፣
ገርሊትስ ገባን ሁለታችን፣ እያነከስን በዝግታ።
ይርገዱ በር ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣
«እንቁላል ገዛህ?» አለች፤ «ያውም የገማ፣ ያውም በዚህ ዋጋ?»
«እንቁላል አይደለም፣ ቅል ነው» አልኳት፤ «እንቁላል ሲሰበር ይደፋል፣
ቅል ግን ሲሰነጠቅ ይሰፋል።»

ሁለት ቅርፊት ነው፣ ከላይና ከታች፣ ወገቡ ላይ የገጠመ፣
ማገር የለው፣ ምሰሶ የለው፣ በፋይበር ግላስ የቆመ፤
ጭቃ ያልነካው፣ ቆርቆሮ ያልነካው ቤት፣
ግጥም ብቻ ይዞት የኖረ፣ አርባ ክረምት።

መስከረም አለቀ በብርጭቆ ወረቀት፣
ጥቅምት በስቱኮ፣ በሙጫ ሽታ፣ በራስ ምታት።
ናዝሬት ጋራዥ የቀሩ የመሰሉኝ ቃላት ሁሉ፣
ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ግራሶ፣
መፍቻ በጨበጥኩ ቁጥር ከእጄ ይወጣሉ።
ወይዘሮ ኡሊግ፣ የጎተራው ባለቤት፣ በየማለዳው ብቅ ብላ፣
«ዛሬስ አለቀ?» ትላለች፣ ውሻዋን አስከትላ።
አላለቀም። የበሩ ጥግ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፣
ወለሉ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ስረግጠው እንደ ራሰ ዳቦ ይሰምጣል።
ፍሬኑን ፈታሁ፤ ዝገት። መስኮቱን ፈታሁ፤ ጉሚኒው ደርቆ እንደ ቋንጣ፣
ይህ ሁሉ ግን ቀላል ነው፤ ጭንቁ ያ ውሃ ነው፣ ከየት እንደመጣ።

በአልጋው ግርጌ ይንጠባጠባል፤ በግርጌው በኩል ደፈንኩ፣
በነጋታው ያው ጠብታ፤ ደገምኩ፣ ሠለስኩ።
ሌሼክም ደፍኖ ነበር፤ ጨርቁን ገልጬ ሳየው፣
ሲሊኮን በሲሊኮን ላይ፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ ቡኒ፣ የየዓመቱ ቀለም ነው።
አንዱ ላይ የአውራ ጣቱ አሻራ ደርቆ ቀርቷል፣
አንዱ ላይ የልጅ ጣት ነው፤ አባቱን ሲያግዝ ይሆናል።
አርባ ዓመት ሙሉ ሰውየው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር፣
ውሃው የሚወጣበትን ደፈነ፣ የሚገባበትን ሳይመረምር።

ኅዳር ሲገባ፣ ይርገዱን ሰለቻት መሰለኝ የኔ ነገር፣
የእጅ ባትሪ ይዛ ገባች፣ ጫማዋን አውልቃ ከበር።
እኔ መሰላል ላይ ሆኜ፣ በጎማ ውሃ ሳፈስ፣
«አለ?»
«የለም።»
«አሁንስ?»
«የለም። ወደ ፊት ፈቀቅ በል እስቲ፣ ቀስ።»
ጨለማ ውስጥ ሆና፣ ድምጿ በቅርፊቱ ሲያስተጋባ፣
ከስንት ዓመት በኋላ፣ እንደ አዲስ ጆሮዬ ገባ።
«አለ?»
«ቆይ።»
«አለ?»
«መጣ! መጣ! እንዳትነቃነቅ፣ እዚያው ጋ!»
ከፊት ነበር፤ አንዲት የላላች ቪቴ፣ ሦስት ሜትር ርቃ ከአልጋ።
ውሃው በዚያ ገብቶ፣ በስፌቱ ሥር ሄዶ፣ ግጥሙን ተከትሎ፣
የሚያለቅሰው ሌላ ጥግ ነው፣ የዚያ ቤት ሰው መስሎ።

ሚያዝያ ላይ መርማሪው መጣ፤ መብራቱን፣ ጋዙን፣ ጋንቾውን አየ፣
ተለጣፊዋን ለጠፈና፣ ሳይስቅ ሳይቆጣ ተለየ።
ሩቅ አልሄድንም፤ ድሮ የከሰል ጉድጓድ ወደነበረው ሐይቅ፣
ግማሽ ሰዓት ነው፤ ይርገዱ ዞራ ዞራ ታያለች፣ መከተሉን ለማወቅ።

ሌሊት ዝናብ ጀመረ፤ ጣሪያው ላይ ሽምብራ የሚቆላ መሰለ፣
ማን ተኛ? ያቺን ጠብታ ስንጠብቅ፣ ዓይናችን ጥጉ ላይ ተተከለ።
እጇን ዘርግታ ዳሰሰች። «ደረቅ ነው» አለች በሹክሹክታ፣
አላመንኳትም፤ እኔም ዳሰስኩት፣ እጇ ባለፈበት ቦታ።
ደረቅ ነው።
ከአልጋው ግርጌ ያስቀመጥናትን ድስት ግን፣
ለማንኛውም እንዳለች ትሁን አልን።